ዘፋኙ መቼ ነው የሚመጣው?

አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚቃ ሳይሞት የሚመሽበት ቀን የለም። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ይሞታል፤ ሾፌሩ የከፈተውን አዲስ ዘፈን የሰሙ አንድ ትልቅ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቁና «ሙዚቃስ ድሮ ቀረ» ብለው ይገንዙታል። ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ ይለቀስለታል። ማታ ሠርግ ቤት ዲጄው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፣ በአጎቶች ጠረጴዛ ዙሪያ ግብዓተ መሬቱ ይፈጸማል። ይህን ያህል ጊዜ ተቀብሮ በማግስቱ እዚያው ታክሲ ውስጥ በሙሉ ድምፁ የሚገኝ ሟች ከሙዚቃ ሌላ አላውቅም።

ለቅሶ ደራሾቹን ስታዘብ ኖሬያለሁ፤ በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኞቹ በዘመኑ የነበሩ ናቸው። የዓይን ምስክር ስለሆኑ ክርክር አይገጠሙም። «ጥላሁን ገሠሠ መድረክ ላይ ሲያለቅስ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» ያለን ሰው በምን ይረቱታል? ቤልቦተም ለብሰው፣ አፍሯቸውን አበጥረው የተነሡትን ፎቶግራፍ ከመሳቢያ ያወጣሉ፤ ጉዳዩ እዚያ ላይ ያልቃል። ፎቶግራፉ ሙዚቃ አያሰማም፤ የሱሪው እግር ስፋት ግን ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ ነው።

ሁለተኞቹ እኛ የካሴት ልጆች ነን። ሸክላው ሳይደርስብን አለፈ፤ የቀረበልን ከዘመድ ዘመድ፣ ከጎረቤት ጎረቤት የተገለበጠ ካሴት ነው። ካሴት ደግሞ ቴፑ ይበላዋል። ዘፈኑ መሃል ላይ ማቃሰት ይጀምራል፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «አጥፋው! አጥፋው!» እያለ ይሯሯጣል። ክዳኑ ይከፈታል፣ ቡናማው ክር በጣት ጫፍ ከጎማዎቹ መሃል ቀስ ተብሎ ይላቀቃል፣ የተጨማደደው በሸሚዝ ጫፍ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ቢክ እስክሪብቶ በካሴቱ ቀዳዳ ገብቶ ይጠነጠናል። ያ የተጨማደደ ቦታ ታዲያ ዳግም አይድንም። እዚያ ሲደርስ ዘፋኙ ለአንድ ስንኝ ያህል ኩሬ ውስጥ እንደገባ ሰው ይሰጥምና እያጉረመረመ ይወጣል። እስከ ዛሬ ያንን ዘፈን ሌላ ቤት ስሰማ፣ ዘፋኙ እዚያ ቦታ ላይ ሳይሰጥም ሲያልፍ ቅር ይለኛል። አንድ ነገር የቀነሱበት ይመስለኛል።

ሦስተኞቹ በስልክ የሚያለቅሱት ናቸው፤ እንደነሱ አምርሮ የሚያለቅስም የለም። የተወለዱት የሚያለቅሱለት ዘመን ካበቃ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። የጎረቤታችን ልጅ አንድ ቀን ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ በረጅሙ ተነፈሰና «ያ ዘመን ምናለ በተመለሰ!» አለ።

«የትኛው ዘመን?» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «ያ ጥቁርና ነጩ» አለኝ።

ይህን ጥቁርና ነጭ ዘመን እስቲ ጠጋ ብለን እንየው። በእኛ አቆጣጠር 1950ዎቹና 1960ዎቹ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባንድ ማለት የመንግሥት ንብረት ነበር። ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነበረው፣ ጦር ሠራዊት ነበረው፣ ፖሊስ ሠራዊት ነበረው፣ ማዘጋጃ ቤቱም ነበረው። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ የክቡር ዘበኛ ናቸው፤ ዓለማየሁ እሸቴና ሒሩት በቀለ የፖሊስ ናቸው። ሳክስፎን ነፊው የሚከፈለው የወታደር ደመወዝ ነው፤ ልምምድ የቀረ ሰውም የሚጠየቀው በወታደር ሕግ ነው። በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር መፈንቅለ መንግሥቱን የመራው ክቡር ዘበኛ ስለነበር መዘዙ ለዘፋኞቹም ተርፏል፤ ጥላሁን ራሱ ታስሮ ነበር። ስለዚህ «የድሮ ዘፋኞች ዲሲፕሊን ነበራቸው» ሲባል እውነት ነው። ያልነበረው ይታሰር ነበራ።

እናቶቻችንና አባቶቻችን በፍቅር የሰሙትን ይህን ሙዚቃ አያቶቻችን ምን ይሉት እንደነበር ደግሞ አጎቴን መጠየቅ ይበቃል። አጎቴ ከአንደኞቹ ለቅሶ ደራሾች ወገን ናቸው። በወጣትነታቸው ከደመወዛቸው ቆጥበው የሸክላ ማጫወቻ ገዝተው ቤት ይዘው ሲገቡ፣ አያቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይደርሱባቸዋል። ነጠላቸውን ሳያወርዱ በር ላይ ቆመው ትንሽ ሰሙና «በገናና ክራር እያለ ይህ ምን ይሉት ጡሩምባ ነው? ዘፈንስ በእኛ ጊዜ ቀረ» አሉ። አጎቴ ይህን ታሪክ ዛሬም ሲያወሩት ይከፋቸዋል። «አባባ ሙዚቃ አይገባቸውም ነበር» ይላሉ። ይህን ብለው ሳይጨርሱ የልጅ ልጃቸው በስልኩ የከፈተውን ዘፈን ይሰሙና፣ ድምፃቸውን እንኳን ሳይቀይሩ «ይህ ምን ይሉት ጩኸት ነው?» ይላሉ። በቤታችን ከአያት ወደ ልጅ ሳይከፋፈል የወረደ ሀብት ቢኖር ይህ ቅሬታ ነው።

አያቴ ግን ጡሩምባውን መጤ ማለታቸው ትክክል ነበር። «ድሮ ሙዚቃችን ከሌላ አልተቀላቀለም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ጡሩምባዎቹ ከየት እንደመጡ እጠይቀዋለሁ። ከአድዋ ድል በኋላ ለምኒልክ ቤተ መንግሥት የነሐስ መሣሪያ የመጣው ከሩሲያ ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲወርዱ፣ ከቱርክ እልቂት ተርፈው በአርመን ገዳም የተጠለሉ ወላጅ አልባ ልጆች የማርሽ ባንድ ሲጫወቱ አዩ። ወደዷቸውና አርባውን አዲስ አበባ አመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚያ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ጨምሮ ለከተማዋ ኦርኬስትራዎች ሙዚቃ ሲያቀናብርና ሙዚቀኛ ሲያሠለጥን ኖረ። የአባቶቻችንን ልብ ያቀለጠው የነሐስ ድምፅ የሩሲያ እጅ አለበት፤ የአርመን እጅ አለበት፤ በኋላ ደግሞ በሬዲዮና በሸክላ የገባው አሜሪካዊ ተጨመረበት። ንጹሕ ሙዚቃ የፈለገ ሰው ከአያቴ ጋር ወደ በገናው መመለስ ነው ያለበት፤ እሱንም ቢሆን ከንጉሥ ዳዊት ነው የተቀበልነው እንላለን።

ሙላቱ አስታጥቄን እንውሰድ። በ1936 ዓ.ም. ጅማ ተወለደ። መሐንዲስ ይሆናል ተብሎ ወደ ዌልስ ተላከ፤ ሙዚቃ ጠልፎ አስቀረው። ከለንደን ወደ ቦስተን ተሻግሮ በርክሊ ገባ፣ ኒውዮርክ ሠራ፣ ከዚያ ቫይብራፎኑን ይዞ አገሩ ተመለሰ። የሠራውን ነገር አጎቴ በሚገባቸው ቋንቋ ልንገራችሁ። የእኛ ዜማ በአምስት ድምፅ ይሄዳል፤ ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺሆዬም አምስት አምስት ናቸው። ጃዝ አሥራ ሁለቱም ካልመጡለት ሥራ አይጀምርም። አሥራ ሁለቱን አምጥቶ እንዲሁ ቢያፈሳቸው አምስቱ በግርግር ይጠፋሉ። ሙላቱ ዜማውን ለአምስቱ ተወላቸው፤ ከሥር ያለውን አጃቢ ስምምነት ከአሥራ ሁለቱ እየመረጠ ቀመመው። ከላይ አገር ቤት፣ ከሥር ኒውዮርክ። ይህን ይዞ ሲመጣ አዲስ አበባ በእልልታ አልተቀበለችውም፤ የፈረንጅ መሣሪያ ከአገር ባህል ጋር ምን አገናኘው የሚሉ አልጠፉም። በ1966 ዓ.ም. ታላቁ ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጥቶ ከጃንሆይ እጅ ኒሻን ተቀበለ። ጃዝ በቤተ መንግሥት ታወቀልን ተብሎ ገና ደስታው ሳይበርድ፣ በዓመቱ ጃንሆይ ራሳቸው ከዙፋን ወረዱ።

ሸክላዎቹስ? ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት፣ በፈረንጆቹ 1969 አዋጁን ከምንም ሳይቆጥር የራሱን ኩባንያ ከፈተ። አገር ጥሎ እስኪሰደድ ድረስ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላ አወጣ። ዛሬ አንገታችንን እያዘነበልን «ቅርስ» የምንላቸው ዘፈኖች ብዙዎቹ ከዚያ ሕገ ወጥ ሱቅ የወጡ ናቸው። ያ ወጣት ዛሬ ቢሆን የሚገጥመው ወይ ካሳ ነው ወይ ክስ፤ ለቅሶ ደራሾቹ ደግሞ «የዛሬ ልጆች ሕግ አያከብሩም» ባሉት ነበር።

የጎረቤቴ ልጅ እንዲመለስ የሚመኘው ዘመን ቀጣዩ ምዕራፍ ሰዓት እላፊ ነው። ደርግ መጣ፤ ማታ መውጣት ተከለከለ። ሙዚቃ ግን ሆቴል ውስጥ ቀጠለ። ዋልያስ ባንድ በሂልተን ሲጫወት ሰዉ ሰዓት እላፊው ሳይገባ ይገባና እስኪነጋ መውጫ የለውም። ባንዱም ታዳሚውም አብረው ያነጋሉ። እስቲ አስቡት፤ ዛሬ በሁለተኛው ዘፈን ላይ «ራይድ ይወደድብኛል» ብለን ኮት የምናነሣ ሰዎች፣ ያኔ የወደድነውንም ያልወደድነውንም እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መስማት ግዴታችን ነበር። የዘመኑ አድማጭ ጆሮ የሠለጠነ ነበር ይባላል። ውጭ ወታደር ቆሞ የማን ጆሮ አይሠለጥንም!

የዋልያሱን ኃይሉ መርጊያን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ባንዱ ለሥራ አሜሪካ ሄዶ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፤ ኃይሉ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ነጂ ሆነ። ኪቦርዱን በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ይዞ ይዞር ነበር። ደለስ አየር ማረፊያ ወረፋ እስኪደርሰው በባትሪ ያስነሣውና መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። በፈረንጆቹ 2013 አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ የድሮ ካሴቱን አግኝቶ እንደገና አወጣለት፤ ዓለም አጨበጨበ፤ ሰውየው ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በፈረንጆቹ 2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም ይዞ ብቅ አለ። እኛ የድሮ ሰው ብለን መደርደሪያ ላይ ስናስቀምጠው፣ እሱ ለካ ተሳፋሪ በጠበቀ ቁጥር ሲለማመድ ነበር።

እዚህ ላይ ፈረንጆቹን ማመስገን ግድ ነው፤ ትንሽ እያሳፈረም ቢሆን። እኛ ሸክላው ላይ የቡና ስኒ ስናስቀምጥበት፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ጠራርጎ ሰብስቦ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ ሲዲ አወጣው፤ ቁጥሩ ወደ ሠላሳ ደርሷል። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ የሙላቱን ሙዚቃ አስገባ። ተዋናዩ ቢል መሪ መኪናውን እየነዳ ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ የሰጠውን ሲዲ ያዳምጣል፤ ሲዲው ውስጥ «የከርሞ ሰው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ናስና ዴሚያን ማርሌይ ከ«የግሌ ትዝታ» ቆርሰው ራፕ ሠሩበት። የጎረቤቴ ልጅ ሙላቱን ያወቀው በዚህ በኩል ነው። ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በኒውዮርክ በኩል ዞሮ አራት ኪሎ የደረሰ ሙዚቃ ነው፤ ልጁ ግን መጀመሪያ የአሜሪካ መስሎት «እነዚህ ሰዎች እንዴት የእኛን ቅኝት አወቁት?» ብሎ ጠየቀኝ።

እንግዲህ እኚህን አጎቴን ነው አንድ ማታ ጃዝ ቤት ይዣቸው የሄድኩት። ሠርግ ላይ ሙዚቃን ከቀበሩ በኋላ አስተዛዛኝ ሆኜ ነው። ሙሉ ልብስ ለበሱ፣ ክራቫት አሰሩ፣ የጥንቱን ባርኔጣ ደፉ። ቤቱ ጠባብ ናት፤ ጠረጴዛዎቹ ከመድረኩ ጋር ጉልበት ለጉልበት የተጋጠሙ ናቸው። ልጆቹ ወጡ፤ ድራም፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎን፣ ክራር። አንዳቸውም ሠላሳ ዓመት የሞላቸው አይመስሉም። ሁለት ሦስት ደቂቃ ክር ሲያጠብቁና ሲያላሉ ቆዩ።

አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ዘፋኙ መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ።

«ዘፋኝ የለውም ጋሼ። በመሣሪያ ብቻ ነው።»

«መግቢያ ስንት ከፈልክ?»

ነገርኳቸው።

«በዚህ ዋጋ ዘፋኝ የለውም?»

ባንዱ ጀመረ። ያነሡት ዜማ የታወቀ ያገር ዘፈን ነው፤ አንዴ ከዳር እስከ ዳር አስተካክለው ተጫወቱት። አጎቴ ከሁለተኛው ቤት ላይ አወቁትና ጣታቸው ጠረጴዛውን ይመታ ጀመር። ፊታቸው ፈካ፤ ግጥሙን በከንፈራቸው ያጅቡት ያዙ። ይህን ጊዜ ልጆቹ ዜማውን ትተውት ሄዱ።

«ምነው፣ ጠፋባቸው?»

«አልጠፋባቸውም። አሁን እያንዳንዱ በተራው የራሱን ይጨምርበታል። መጨረሻ ላይ ይመለሱበታል።»

«ካልተመለሱስ?»

ጥያቄው ከቀልድ በላይ ነው። ጃዝ ጠቅላላው በዚህ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው። ዜማውን አንዴ ያስተዋውቃሉ፤ ከዚያ ከሥሩ ያለውን ስምምነት ብቻ ይዘው፣ ከላይ ያልተጻፈ፣ ከዚህ ቀደም ያልተሰማ፣ ነገ ማታም የማይደገም ዜማ እዚያው ፊታችን ላይ ይፈጥራሉ። ሊሳካላቸው ይችላል፤ ላይሳካላቸውም ይችላል። የሸክላው ዘፋኝ በአርባኛውም ዓመት ያንኑ ትንፋሽ እዚያው ቦታ ላይ ይተነፍሳል። የዛሬው ልጅ ግን ቀጥሎ ምን እንደሚነፋ እሱም አያውቅ፣ አንተም አታውቅ።

በዚህ መሃል ቤቱን መታዘብ ነው። ከግራችን ያሉት ጃዝ አዋቂዎች ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ምቱና ራሳቸው ግን አልተስማሙም። ከፊታችን ያለችው ወጣት ሙሉውን ምሽት በስልኳ እየቀረጸች ነው፤ ሳክስፎኑን ያየችው መዳፍ በምታክል መስታወት በኩል ብቻ ነው። ከኋላችን አንድ ሰውዬ ስለ መሬት ጉዳይ በስልክ ይነጋገራል። እንደ ዓለም ወጉ ሁሉ ቤዙ ብቻውን ሊጫወት ሲል ቤቱ ሁሉ ወሬውን ጀመረ፤ ሦስት ጠረጴዛ ድራፍት አዘዘ። ሌሎቹ መሣሪያቸውን አውርደው ቤዙን እያዩ ቆመዋል።

አጎቴ ይህን አይተው ደነገጡ። «ተጣሉ እንዴ?»

«አልተጣሉም፤ ተራውን ሰጥተውት ነው።»

«ልጁ ብቻውን ሲለፋ እነሱ ቆመው ያያሉ? ይህማ ግፍ ነው» አሉና፣ ቤዙ እንደጨረሰ ከቤቱ ሁሉ አብልጠው አጨበጨቡለት። አዘኑለት እንጂ አደነቁት ብዬ አልምልም። ልጁ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገናቸው። ቤዝ ተጫዋች ጭብጨባ ከየትም ይምጣ አይመርጥም።

ቀጥሎ ሳክስፎኑ ወጣ። ልጁ ዝግ ብሎ ጀመረና ሲሄድ ሲሄድ ድምፁ ተቀየረ፤ ይቆራርጥ፣ ይጎረብጥ፣ ያቅራራ ጀመር። ይህን ነገር የኢትዮጵያ ሰው ይለየዋል። ከጌታቸው መኩሪያ የመጣ ነው። ጌታቸው በ1940ዎቹ በማዘጋጃ ቤቱ ኦርኬስትራ የጀመረ፣ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ የነፋ ሰው ነው። ሽለላና ፉከራን ከጀግናው አፍ ወስዶ ሳክስፎን ውስጥ ከተተው። ፈረንጆች በኋላ ሲሰሙት ከአሜሪካ ፍሪ ጃዝ ነፊዎች ጋር ያወዳድሩት ነበር፤ እሱ ግን የቀዳው ከፉከራው ነው። ሰባኛውን እያለፈ ከሆላንዶቹ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር አውሮፓን ዞሮ ወጣቶቹን አስጨፍሯል፤ በ2008 ዓ.ም. አረፈ።

ያ ልጅ ጌታቸውን በአካል አግኝቶት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ሽለላውን ግን ይዞታል። ሳክስፎኑ ሲያቅራራ አጎቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቀጥሎ ክራቫታቸውን አላሉ። ከዚያ ብድግ ብለው፣ በዚያች ጠባብ ቤት መሃል፣ በዚያ ዕድሜያቸው «ዘራፍ!» አሉ። የመሬት ጉዳይ የሚነጋገረው ሰውዬ ስልኩን ዘጋ። ጃዝ አዋቂዎቹ ዓይናቸውን ከፈቱ። ሳክስፎኒስቱ ዘወር ብሎ አያቸውና «ዘራፍ» ያሉበትን ምት ተቀብሎ፣ በዚያው ልክ፣ በዚያው ቁጣ መለሰላቸው። አጎቴ ደገሙ፤ እሱም ደገመ። ድራሙ ገባው፤ ከሥር እንደ ነጋሪት ያስገመግምላቸው ያዘ። ለጥቂት ደቂቃ ባንዱ አምስት መሣሪያና አንድ ጡረተኛ ነበረው። በመጨረሻ ልጆቹ አጎቴ የፈሩለትን ዜማ አንሥተው፣ ተመልሰው ገቡ።

«ተመለሱ!» አሉ አጎቴ፣ ልጁን ከጦር ሜዳ እንደተቀበለ አባት። ባለ ባርኔጣው ዘፋኝ መጣ ብዬ በጆሯቸው ልነግራቸው አሰብኩ፤ ተውኩት።

ስንወጣ «እንደ ድሮው ሆነልዎት ጋሼ?» አልኳቸው።

«የለም» አሉ ቆፍጠን ብለው። «ድሮ እንዲህ አይነፉም ነበር።»

ሙገሳ ይሁን ወቀሳ እስካሁን አልተጣራም። በሳምንቱ ግን ደውለው ስለ ጤናዬ ሳይጠይቁ «እነዚያ ልጆች ዛሬም አሉ?» ብለዋል።

የለቅሷችን አድራሻ የተሳሳተ ይመስለኛል። ዘፈኑ ያለ ችግር አለ። ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ስልክ ተሸጋግሯል፤ ኩሬ ውስጥ ገብቶ ወጥቷል፤ በኒውዮርክ በኩል ዞሮ መጥቷል። የሚሞተው ቤቱ ነው። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ ጃዝአምባ የምትባል ቤት ነበረች፤ ትልልቆቹ ሙዚቀኞች ከወጣቶቹ ጋር አንድ መድረክ ላይ ይወጡባት ነበር። ጥር 2007 ሆቴሉን ቃጠሎ ሲበላው አብራ ሄደች። ካዛንቺስ የመላኩ በላይ ፈንዲቃ ነበር፤ ከአዝማሪ ቤትነት ተነሥቶ ጃዙም፣ እስክስታውም፣ ሥዕሉም የሚገናኝበት ሆኖ ነበር። ሠፈሩ ሲፈርስ እሱም ከቦታው ተነሣ። አንድ ሳክስፎኒስት ሽለላን ከትልቁ ሰው ጆሮ ለጆሮ የሚማረው፣ አንድ ጡረተኛም «ዘራፍ» ብሎ መልስ የሚያገኘው እንዲህ ዓይነት ጠባብ ቤት ውስጥ ነው። ስልክ ላይ «ዘራፍ» ቢሉ መልስ የሚሰጥ የለም።

ጠባብ ቤት ደግሞ በእንባ የቤት ኪራይ አይከፍልም። ታክሲ ውስጥ ራሳቸውን ለሚነቀንቁትም፣ በስልክ ለሚያለቅሱትም፣ ለእኛ ለካሴት ልጆችም የምለው ይህንኑ ነው። የዛሬዎቹን ልጆች መውቀስ መብታችን ነው፤ አያቴ ወቅሰዋል፣ አጎቴ ወቅሰዋል፣ የጎረቤቴም ልጅ ጊዜው ሲደርስ ይወቅሳል። በዚህ አገር በጊዜው ጩኸት ያልተባለ ወርቃማ ሙዚቃ አላውቅምና ስድቡም ቢሆን ለልጆቹ ወግ ማዕረግ ነው። ብቻ ስድቡ በነጻ አይሁን። መግቢያውን ከፍለን፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ቤዙ ተራው ሲደርስ ወሬያችንን አቁመን እንስደባቸው።